ሐረጎ ላይ ደፋር ሞልቷል፤ መሰላሉ ግን የለም

ከታዳጊዎች የሞተር ሳይክል ውድድር ወደ ፕሮፌሽናልነት የሚወስደው መንገድና የወሎ ልጆች ዕጣ

ላማሲያ ሲባል የማያውቅ ኳስ አፍቃሪ የለም። ሜሲ፣ ዣቪና ኢኒዬስታ ከዚያ ግቢ ወጥተው ዓለምን እንዳንበረከኩ በደሴ ፒያሳ ዲ ኤስ ቲ ቪ ቤት ቁጭ ብሎ ጨዋታ የሚከታተል ታዳጊ ሁሉ ይናገራል። የሞተር ሳይክል እሽቅድምድምም የራሱ ላማሲያ እንዳለው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስሙ ሬድ ቡል ሞቶ ጂፒ ሩኪስ ካፕ ይባላል። የተጀመረው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው ዮሃን ዛርኮ የሚባል ፈረንሳዊ ልጅ ነበር። ያ ልጅ በኋላ ሁለት ጊዜ የሞቶ 2 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2025 ደግሞ ዝናብ በመታው የለ ማን ትራክ ላይ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ የትልቁን የሞቶ ጂፒ ውድድር አሸነፈ።

ታዲያ ይሄ ለወሎ ልጅ ምኑ ነው? የሚል ይኖራል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሞቅ ብላ ተቀምጣለች። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ብርዷን ለብሳለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሐረጎ ላይ ሲደርስ ግን እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በዚህ ጠመዝማዛ ላይ ከተሳቢ መኪና ጋር እየተጋፋ፣ ሞተሩን ወደ ጎን አጋድሞ ኩርባ የሚያዞር ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መስመር ላይ ያለችው ደጋንም የዶቅዶቄ ድምፅ አያጣትም።

ድፍረት አለ። ሚዛን የመጠበቅ ችሎታም አለ። ሞተር ሲበላሽ መንገድ ዳር ፈትቶ የሚገጥም እጅም አለ። ይሁንና እስከ ዛሬ በሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮና የተሰለፈ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ምክንያቱ የጀግና እጥረት ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። የጠፋው መሰላሉ ነው። መሰላል በሌለበት ደግሞ ድፍረት የሚወስደው ወደ ሽልማት መድረክ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

መሰላሉ እንዴት ተሠራ?

የሩኪስ ካፕ ነገር የሚገርመው በሁለት ቀላል ሐሳቦች ላይ የቆመ መሆኑ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ልጅ የሚነዳው አንድ ዓይነት ሞተር ነው። ሞተሩን የሚሠራው የኦስትሪያው ኬቲኤም ነው። መጀመሪያ 125 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ 250 ሲሲ ባለ አራት ምት ሆነ። የሀብታም ልጅ የተሻለ ሞተር ይዞ መቅረብ አይችልም። ሞተሩ የልጁ አይደለምና። የአዘጋጁ ነው። ጎማውን የሚቀርበውም፣ መካኒኩን የሚመድበውም አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የገባ ልጅ ቀድሞ የገባው በችሎታው ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሐሳብ ቦታው ነው። ልጆቹ የሚወዳደሩት ራቅ ባለ ሜዳ ማንም ሳያያቸው አይደለም። ትልልቆቹ የሞቶ ጂፒ ጋላቢዎች በሚወዳደሩበት በዚያው ትራክ፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። የቡድን አለቆች ቡናቸውን ይዘው ከጋራዣቸው ብቅ ሲሉ የነገውን ተሰላፊያቸውን ያዩታል። ለኳስ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ የ17 ዓመት በታች ጨዋታ ከቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በፊት በዚያው ስታዲየም እንደማጫወት ነው። መልማዩ ሌላ ከተማ መሄድ አያስፈልገውም።

ውጤቱን መቁጠር ይቻላል። የ2014ቱ የሩኪስ ካፕ አሸናፊ ሆርሄ ማርቲን በ2018 የሞቶ 3፣ በ2024 ደግሞ የሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የ2020ው የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን ጆአን ሚርም በልጅነቱ እዚያው ተወዳድሯል። የ2020ው የሩኪስ አሸናፊ ፔድሮ አኮስታ ደግሞ ነገሩን ወደ ተረት አስጠጋው። ማዛሮን ከምትባል የስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ የወጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። በ2021 በ16 ዓመቱ ወደ ሞቶ 3 ገብቶ፣ በሁለተኛ ውድድሩ ከሁሉም ኋላ ከፒት መውጫ ተነስቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 የሞቶ 2ንም ዋንጫ ጨመረ። የ2021ዱ የሩኪስ አሸናፊ፣ በኮሎምቢያ ባንዲራ የሚወዳደረው ዳቪድ አሎንሶም በ2024 በአንድ የውድድር ዘመን 14 የሞቶ 3 ውድድሮችን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል።

ከሩኪስ ካፕ በታች ሌላ ደረጃ አለ። በ2021 የተጀመረው የኤፍ አይ ኤም ሚኒ ጂፒ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ትንንሽ ሞተሮች ላይ አስቀምጦ በጎ ካርት ሜዳዎች ያወዳድራል። ከዚያ ቀጥሎ እንደ እስያ ታለንት ካፕ ያሉ የአህጉርና የአገር ውድድሮች ይመጣሉ። ከዚያ ሩኪስ ካፕና ጁኒየር ጂፒ፣ ከዚያ ሞቶ 3፣ ሞቶ 2፣ በመጨረሻ ሞቶ ጂፒ። እያንዳንዱ ደረጃ ቀጣዩን ያውቀዋል። ልጁ ሲያሸንፍ "ጎበዝ" ተብሎ ትከሻው ተመትቶ ወደ ቤቱ አይሸኝም፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይላካል።

በዚህ መንገድ ያላለፈ ትልቅ ሰው የለም ማለት አይደለም። ማርክ ማርኬዝ የሩኪስ ካፕ ልጅ አይደለም። እሱ ግን ከስፔን ነው የመጣው። በስፔን ከየመንደሩ የሚነሳ ሌላ መሰላል ከድሮም ነበር። ጣሊያንም ቫለንቲኖ ሮሲ ባደገባት ታቩሊያ ያቋቋመው አካዳሚ አላት፤ የ2022 እና የ2023 ሻምፒዮን ፍራንቼስኮ ባኛያ የዚያ ቤት ልጅ ነው። የመሰላሉ ስም ሊለያይ ይችላል። መሰላል ሳይኖር የወጣ ግን የለም።

የታይላንድ ትምህርት

"እኛ ድሃ ነን፤ ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው" የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በአውሮፓ አንድ ታዳጊ በራሱ ወጪ አንድ የውድድር ዘመን ልጨርስ ቢል ቤተሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ማውጣት አለበት። አፍሪካም እስከ ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና ያስመዘገበችው ስም በአብዛኛው የደቡቡ ክፍል ነው። በ1960ዎቹ የሮዴዥያዎቹ ጋሪ ሆኪንግና ጂም ሬድማን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የደቡብ አፍሪካው ኮርክ ባሊንግተን፣ በ1980 ጆን ኤከሮልድ ነበሩ። የሁሉም ታሪክ አቅም ካለው የነጭ ማኅበረሰብ የወጣ ነው።

ግማሹን ውሸት ለማየት ወደ ታይላንድ መሄድ ያስፈልጋል። ታይላንድ ውስጥ ሞተር ሳይክል እንደ እግር ነው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ታክሲው ሁሉ ሞተር ላይ ነው። ሆኖም ለብዙ አሥርት ዓመታት ያ ሁሉ ሞተር አንድም የዓለም ሻምፒዮና አሸናፊ አላወጣም። የሞተር ብዛት ተወዳዳሪ አይወልድም ማለት ነው። በ2014 ግን የእስያ ታለንት ካፕ ተጀመረ። አሠራሩ የሩኪስ ካፕን የመሰለ ነው። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ሆንዳ ይነዳል፤ ተመርጦ ይገባል።

በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ሶምኪያት ቻንትራ የሚባል የታይላንድ ልጅ ነው። በ2022 ኢንዶኔዥያ ላይ የሞቶ 2 ውድድር አሸንፎ የመጀመሪያው ታይላንዳዊ የግራንድ ፕሪ አሸናፊ ሆነ። በ2025 ደግሞ በሆንዳ ሞተር ወደ ሞቶ ጂፒ ገብቶ ለአገሩ ሌላ መጀመሪያ አስመዘገበ። በዚያው ውድድር ያደገው ጃፓናዊው አይ ኦጉራም የ2024 የሞቶ 2 ሻምፒዮን ነው። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ መንገዱ ያው መንገድ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሰላል ተሠራ።

አፍሪካ እንደ እስያ ያለ የራሷ ታለንት ካፕ አልተቋቋመላትም። ስለዚህ አፍሪካዊ ታዳጊ መሰላሉን ለመያዝ መጀመሪያ አህጉር መሻገር አለበት። ብራድ ቢንደር ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1995 ፖቸፍስትሩም በምትባል የደቡብ አፍሪካ ከተማ ተወለደ፤ በ2009 ወደ ሩኪስ ካፕ ገባ። በ2016 የሞቶ 3 ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ላይ፣ በሞቶ ጂፒ ገና በሦስተኛ ውድድሩ፣ አሸንፎ ለኬቲኤም የመጀመሪያውን የሞቶ ጂፒ ድል ሰጠ። በ2023 ሙጄሎ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ሲበር በጊዜው የውድድሩ የፍጥነት ክብረ ወሰን ነበር። አፍሪካዊ አይፈጥንም የሚል ካለ ይህን ቁጥር ይመልከት። ቢንደርን ግን አገሩ አልላከውም። የላከው ቤተሰቡ ነው። የደጋን ልጅ ቤተሰብ ይህን ማድረግ ይችላል ወይ? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

በኛ አገር መሰላል የሠራው ብስክሌት ነው

ኢትዮጵያ ውስጥ በሁለት ጎማ ወደ ፕሮፌሽናልነት የደረሰ ሰው ከተፈለገ ሞተሩን ትቶ ብስክሌቱን ማየት ግድ ነው። የአገራችን ብስክሌተኞች በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ነበሩ፤ የገረመው ደንቦባ ስም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይነሳል። ሆኖም በዓለም ትልቁ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ እስኪሰለፍ ድረስ 60 ዓመት ፈጀ። በ2016 ያን ያደረገው የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው።

ጽጋቡ ከሰማይ አልወረደም። ትግራይ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ክለቦች ነበሩ። መሰቦ፣ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉና የሚሉት ስሞች ለኳስ ተመልካቹም እንግዳ አይደሉም። ልጁ ክለብ ያገኛል፣ ክለቡ ይወዳደራል፣ ያሸነፈ ለብሔራዊ ቡድን ይታያል። ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ የሠራው የዓለም የብስክሌት ማኅበር ዩ ሲ አይ ነው። ማኅበሩ በደቡብ አፍሪካ ለአፍሪካ ታዳጊዎች የማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። ጽጋቡ በዚያ አለፈ፤ በ2012 ወደ ደቡብ አፍሪካው ኤም ቲ ኤን ኩቤካ ገባ፤ በ2015 የጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ባህሬን ሜሪዳ፣ ትሬክና ሚቸልተን ስኮት እያለ በትልልቅ ቡድኖች ዓመታትን አሳለፈ። ሙሉ ኃይለሚካኤልም ከዚያው ከትግራይ ተነስቶ እስከ ስፔኑ ካሃ ሩራል ደርሷል።

የጎረቤት ኤርትራው ቢንያም ግርማይ ታሪክም ያው ነው። ስዊዘርላንድ ባለው የዩ ሲ አይ ማዕከል አልፎ፣ በ2022 ጄንት ቬቨልገምን፣ በ2024 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት መድረኮችንና አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ሩዋንዳ በበኩሏ ዓመታዊ ቱሯን እያሳደገች ቆይታ በመስከረም 2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን ኪጋሊ ላይ አስተናገደች። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሆይ ሆይታ የመጣ አይደለም። በየወሩና በየዓመቱ ሳይቋረጥ በተደረገ ውድድር የመጣ ነው።

መሰላል ግን ይሰበራልም። በ2020 በትግራይ የፈነዳው ጦርነት ክለቦችንና ውድድሮችን በተነ። ብስክሌተኛዋ ኢየሩ ተስፎም በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ጦርነቱ ወሎንም አልማረም። በ2021 መጸው ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ከወር በላይ ቆይተዋል፤ ሆስፒታልና ፋብሪካ ተዘርፏል። ስፖርት የሚቆመው ሰላም ላይ ነው የሚባለው ለወግ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። ወሎ ተራራ አላት፣ ከፍታ አላት፣ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ የሚያስቀና አቀበት አላት። ታዲያ ከመቀሌ የወጣው ለምን ከደሴ አልወጣም? የልጆቹ ሳንባ ስለሚለያይ አይደለም። መቀሌ ላይ ክለብና የማይቋረጥ ውድድር ስለነበረ ነው።

ሦስት ልጆች በአንድ ዓመት

ስለ ታዳጊዎች የሞተር ውድድር ሲወራ አንድ ጨለማ ገጽ አለ፤ እሱን መዝለል ደግሞ አንባቢን ማታለል ነው። በ2021፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ብቻ፣ ሦስት ወጣቶች ትራክ ላይ ሞቱ። ስዊዘርላንዳዊው ጄሰን ዱፓስኪየር 19 ዓመቱ፣ ስፔናዊው ዲን ቤርታ ቪኛሌስ 15 ዓመቱ፣ ሌላው ስፔናዊ ሁጎ ሚላን ደግሞ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ሦስቱም ሙሉ የመከላከያ ልብስ ለብሰዋል። ሦስቱም ሐኪምና አምቡላንስ ቆሞ በሚጠብቅበት ሜዳ ነበሩ። ከወደቁ በኋላ ከኋላ በሚመጣ ሞተር ተመቱ።

ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ኤፍ አይ ኤም ደንቡን አጠበቀ። በዓለም ሻምፒዮናው ዝቅተኛው የመወዳደሪያ ዕድሜ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ2023 ጀምሮ 18 ሆነ። በታችኞቹ ደረጃዎችም ዕድሜው ከፍ አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚሰለፈው ልጅ ቁጥርም ተቀነሰ። ብዙዎች "እነ አኮስታ በ16 ዓመታቸው የገቡበት በር ተዘጋ" ብለው ቅር አላቸው። ነገር ግን ፍጥነት የሚሸጠው ኢንዱስትሪ ራሱ ልጁን ለመጠበቅ ገበያውን ካጠበበ፣ ሌላው ምን ማድረግ እንዳለበት ግልጽ ነው።

አሁን ይህን ከሐረጎ ጋር ማነጻጸር ነው። ሐረጎ ላይ መውጫ ሜዳ የለም፤ ገደል ነው ያለው። ከፊት የሚመጣው ሌላ ተወዳዳሪ ሳይሆን ጭነት የያዘ ተሳቢ ነው። ሄልሜት ያጠለቀውን መቁጠር ይቀላል፤ የቆዳ ልብስ የሚባል ነገር የለም። በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ለሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። ስለዚህ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ላይ ያለው ታዳጊ ችሎታውን በሕጋዊ መንገድ የሚያሳይበት ቦታ በአገሩ መንገድ ላይ የለም። የተዘጋ ሜዳ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ በ2019 ሞተር ሳይክልን ስትገድብ ምክንያቱ ወንጀል ነበር። ሞተር የያዘ ወጣት በብዙ ባለሥልጣን ዓይን እንደ ስጋት የሚታየው ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ ነው። ስፖርት ይህን ስም መለወጥ ይችላል፤ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ግን ያባብሰዋል።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ምን ሊጀመር ይችላል?

ነገ ሞቶ ጂፒ ትራክ እንሥራ የሚል ካለ ቀልድ ነው። አስፋልት የለበሰ የውድድር ትራክ የብዙ ሚሊዮን ዶላር ጉዳይ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል። ኬንያና ኡጋንዳ ላይ ታዳጊዎች የሚወዳደሩት በሞቶክሮስ ነው፤ አፈር ላይ ማለት ነው። ቡልዶዘር ጥቂት ቀን ሠርቶ ጉብታና ኩርባ ያወጣለት ሜዳ ይበቃል። ልጆቹ በ50፣ በ65፣ በ85 ሲሲ እየተከፋፈሉ ይወዳደራሉ። የተሻሉት በአፍሪካ አገሮች የሞቶክሮስ ውድድር አገራቸውን ይወክላሉ። አፈር ላይ ፍጥነቱ ያንሳል፤ አወዳደቁም ከአስፋልት ይሻላል። መሰላል ለመጀመር የሚሆነው ይሄ ነው።

የኮምቦልቻ ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ለጥ ያለ መሬት አያጣም። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያው ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ግቢው እዚያ ነው። አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሞተር ውድድር አንድ ልጅ ሲነዳ ከኋላው ብዙ ሰው ይሠራል። መካኒኩ፣ ጎማ ቀያሪው፣ መረጃ ተንታኙ አለ። ከሃያ ልጅ አንዱ እንኳን ጋላቢ ባይሆን፣ አሥሩ ጥሩ መካኒክ ሊሆን ይችላል። ለድሃ ከተማ ይሄ ከዋንጫው በላይ ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ስፖርት ለረጅም ጊዜ የተደገፈው በቢራ ነው። ከ2019ኙ የአልኮል ማስታወቂያ ክልከላ በኋላ ክለቦች ምን ያህል እንደተቸገሩ የኳስ ቤተሰቡ ያስታውሳል። ለታዳጊ ውድድር ደግሞ ቢራ ድሮም አይሆንም ነበር። የቀሩት ሞተር አስመጪና ገጣጣሚዎች፣ ኢንሹራንሶችና ባንኮች ናቸው። ሞተር የሚሸጥ ድርጅት ሃያ ትንንሽ ሞተር ለአንድ ውድድር ቢያውስ፣ ማስታወቂያውንም ያገኛል፣ ገዢውም በሥርዓት መንዳትን ይማራል። ይህ ስሌት ቻሪቲ አይደለም፤ ንግድ ነው።

ብስክሌቱንም መርሳት አይገባም። ለወሎ ልጅ ዛሬ፣ አሁን ባለው ሁኔታ፣ ወደ ፕሮፌሽናልነት በጣም የቀረበው በር ሞተር ሳይሆን ብስክሌት ነው። ምክንያቱም የላይኛው ደረጃ ተሠርቶ ቆሟል። ማዕከል አለ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮና አለ፣ መልማይ አለ። የጠፋው የታችኛው ደረጃ ብቻ ነው። ሞተር ላይ ግን ከታችም ከመሃልም ደረጃ የለም። ስለዚህ አንድ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ያለችውን ትንሽ በጀት የት ላውለው ቢል፣ መልሱ መጀመሪያ ብስክሌት፣ ቀጥሎ ሞቶክሮስ ነው። ብስክሌት ላይ ሚዛንና ኩርባ የተማረ ልጅ ሞተር ላይ ሲወጣ ከዜሮ አይጀምርም።

አንድ ቀን ዋንጫ፣ ከዚያስ?

ስለ መሰላል ማጣት ከኳስ ተመልካቹ በላይ የሚያውቅ የለም። በኮፓ ኮካ ኮላ ውድድሮች ስንት ጎበዝ ልጅ ታየ? ዋንጫ ተነሳ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ማሊያ ተሰጠ። ከዚያ አብዛኛው ልጅ ወደ ሠፈሩ ተመለሰ። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ከሥር የሚተካው ትውልድ ስላልተዘጋጀ ደስታው ብዙ አልቆየም። ሞተሩም በዚያው መንገድ ከተጀመረ መጨረሻው ያው ነው። በበዓል ቀን አንድ አደባባይ ተዘግቶ፣ ወጣቱ ጎማ አጭሶ፣ ባለሥልጣን ሜዳሊያ አጥልቆ የሚበተን ነገር ውድድር አይባልም። ትርዒት ነው። አደጋውም ያው ነው፤ ጥቅሙ ግን የለም።

ስለዚህ አንድ ቀን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ "የታዳጊዎች የሞተር ሳይክል ውድድር ሊጀመር ነው" የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ወላጅም ተመልካችም ከማጨብጨቡ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ሞተሩ የማን ነው? የልጁ ከሆነ የሚያሸንፈው ችሎታ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ሜዳው የተዘጋ ነው ወይ? አምቡላንሱስ ሞተሮቹ ከመነሳታቸው በፊት ቆሟል ወይ? ካልቆመ ልጁን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሁለተኛው ዙር መቼ ነው? ቀኑ ካልታወቀ ተከታታይ ውድድር አይደለም። አንደኛ የወጣውስ ልጅ ቀጥሎ የት ይሄዳል? ናይሮቢ ነው፣ ካምፓላ ነው፣ የት ነው?

ለመጨረሻው ጥያቄ በስምና በቀን መልስ የሰጠ አዘጋጅ የተገኘ ዕለት የወሎ ልጅ የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ረገጠ ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ሐረጎ ላይ ሞተሩን አጋድሞ የሚያዞረውን ታዳጊ "ጀግና" እያሉ ማሞካሸት ለልጁ ወዳጅነት አይደለም።